ባለ 39 አሃዙ ብቸኛ ቁጥርና የዜሮ ምስክርነት

በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር



170,141,183,460,469,231,731,687,303,715,884,105,727።

ይህ ቁጥር 39 አሃዞች አሉት። ከአንድና ከራሱ በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው ሌላ ሙሉ ቁጥር የለም። እንዲህ ያለው ቁጥር ብቸኛ ቁጥር ይባላል፤ ፕራይም በሚለው የውጭ ስሙ የሚጠሩትም ብዙዎች ናቸው። ከሌሎች ቁጥሮች ብዜት የተገኘው ደግሞ ስብጥር ቁጥር ይባላል። ከላይ የተነበበው ቁጥር ብቸኛ መሆኑን በ1876 ያስታወቀው ኤድዋር ሉካስ የተባለ ፈረንሳዊ የሒሳብ መምህር ነው። (በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ከዚያ ዓመት ጀምሮ እስከ 1951 ድረስ፣ 75 ዓመት ሙሉ፣ ከእርሱ የሚበልጥ ሌላ ብቸኛ ቁጥር አልታወቀም ነበር። ያለ ምንም መኪና፣ በሰው እጅና አእምሮ ብቻ ከተረጋገጡት መካከልም እስከ ዛሬ ድረስ የሚስተካከለው አልተገኘም።

ነገሩ ለአድናቆት ያህል ብቻ ቢሆን ኖሮ በዚህ ጉባኤ ፊት ማንሣቱ ባላስፈለገ ነበር። ነገር ግን እዚህ የተሰበሰቡት ባለሙያዎች አንዱ ሠርቶ የፈረመበትን ሒሳብ ሌላው ተቀብሎ ድልድይ የሚሠራበት፣ በጀት የሚደለድልበት፣ መድኅን የሚተምንበት የሥራ መስክ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ አንድ ጥያቄ ለሁሉም የጋራ ይሆናል። አንድ ሰው ብቻውን ተቀምጦ በሠራው ረጅም ስሌት መጨረሻ ላይ «ይህ እንዲህ ነው» ቢል፣ ሌላው ሰው ቃሉን የሚቀበለው በምን ማስረጃ ነው? የሉካስ ቁጥርና የቁጥሩ ዘመዶች ታሪክ ለዚህ ጥያቄ ከሌሎች ብዙ ታሪኮች ይልቅ ግልጽ የሆነ መልስ ይሰጣል።

በመጀመሪያ የቁጥሩን ትውልድ መመልከት ይገባል። አንድን ሁለት፣ ሁለትን አራት፣ አራትን ስምንት እያሉ 127 ጊዜ ካጠፉ በኋላ ከተገኘው ላይ አንድ ቢቀንሱ ይኸው ቁጥር ይወጣል፤ በሒሳብ አጻጻፍ 2¹²⁷−1 ማለት ነው። በዚህ መንገድ የሚወለዱት ሁሉ ብቸኞች አይደሉም። አርቢው ስብጥር ከሆነ ውጤቱም ያለ ጥርጥር ስብጥር ይሆናል፤ ለምሳሌ 2⁶−1 ማለት 63 ስለ ሆነ በ2²−1 ማለትም በ3፣ በ2³−1 ማለትም በ7 ይካፈላል። አርቢው ብቸኛ ሲሆን ግን ነገሩ ይከፈታል እንጂ አይወሰንም። 3፣ 7፣ 31 እና 127 ብቸኞች ሆነው ሳለ፣ ቀጥሎ የሚመጣው 2¹¹−1 ማለትም 2,047 የ23 እና የ89 ብዜት ሆኖ ይገኛል።

እነዚህ ቁጥሮች የመርሰን ቁጥሮች ተብለው የሚጠሩት በማራን መርሰን ስም ነው። መርሰን በፓሪስ ይኖር የነበረ፣ የዘመኑ ሊቃውንት በደብዳቤ የሚገናኙበት መናኸሪያ የነበረ መነኩሴ ነው። በ1644 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ፣ እስከ 257 ካሉት አርቢዎች መካከል ብቸኛ ቁጥር የሚሰጡት 2፣ 3፣ 5፣ 7፣ 13፣ 17፣ 19፣ 31፣ 67፣ 127 እና 257 ብቻ ናቸው ሲል ጻፈ። ማስረጃውን ግን አልጻፈም። በዘመኑ ከነበረው የስሌት አቅም አንጻር የመጨረሻዎቹን ሊፈትን የሚችል ሰው አልነበረም፤ እርሱም ራሱ አይችልም ነበር። ዝርዝሩ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ በክብር ሲጠቀስ ከቆየ በኋላ አምስት ስሕተቶች ተገኙበት። 67 እና 257 ያለ ቦታቸው ገብተዋል፤ 61፣ 89 እና 107 ደግሞ ተዘልለዋል። 61ን በ1883 ያገኘው ኢቫን ፐርቩሺን የተባለ የሩሲያ የገጠር ቄስ ሲሆን፣ 89ን በ1911 እና 107ን በ1914 ያወጣው ራልፍ ፓወርስ የተባለ አሜሪካዊ የባቡር ድርጅት ሠራተኛ ነበር። ስመ ጥሩ መነኩሴ ያሳለፈውን የገጠር ቄስና የባቡር ሠራተኛ ማረማቸው፣ ዝናና ማስረጃ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን በሚገባ ያሳያል።

ከሉካስ በፊት የነበረው መንገድ ማካፈል ነበር። ሊዮናርድ ኦይለር በ1772 2³¹−1፣ ይኸውም 2,147,483,647 ብቸኛ መሆኑን ሲያረጋግጥ ሥራውን ያቀለለው አንድ ሕግ ነበር። የ2³¹−1 አካፋይ ሊሆን የሚችል ማንኛውም ቁጥር የ62 ብዜት ሲደመር አንድ መሆን አለበት፤ በተጨማሪም ለ8 ሲካፈል ቀሪው 1 ወይም 7 ካልሆነ አይሆንም። ይህም የሚሞከሩትን ቁጥሮች በእጅጉ ይቀንሳቸዋል። እንግሊዛዊው ፒተር ባርሎ በ1811 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ከዚሁ የኦይለር ቁጥር የሚወለደው ፍጹም ቁጥር እስከ መቼውም ከሚገኙት ሁሉ ትልቁ ሆኖ እንደሚቀር ተንብዮአል። ፍጹም ቁጥር የሚባለው እንደ 6 ያለው ነው፤ 1፣ 2 እና 3 አካፋዮቹ ሆነው ሲደመሩ ራሱን ይሰጣሉና። የባርሎ ምክንያትም ነገሩ ለማወቅ ያህል እንጂ ለጥቅም ስላልሆነ ከዚያ አልፎ የሚደክም ሰው አይኖርም የሚል ነበር። ስለ ቁጥር ብዙ የሚያውቅ ሰው ስለ ሰው ጠባይ ይህን ያህል መሳሳቱ የሚገርም ነው።

የኦይለርን መንገድ ለ2¹²⁷−1 ለመጠቀም ቢሞከር ግን ምን ይሆናል? አካፋዩ የ254 ብዜት ሲደመር አንድ መሆን አለበት፤ የ8ቱም ሕግ ይጨመርበታል። ፍለጋው እስከ ቁጥሩ ዳግም ዘር ድረስ፣ ማለትም እስከ 13 ሚሊዮን ትሪሊዮን ገደማ መሄድ ይኖርበታል። ከዚህ ሁሉ ቅነሳ በኋላ የሚቀሩት ሙከራዎች ወደ 25,700 ትሪሊዮን ይደርሳሉ። አንድ ሰው በየሰከንዱ አንድ ማካፈል ቢሠራ፣ ሳይተኛና ሳይበላ፣ ከ800 ሚሊዮን ዓመት በላይ ይፈጅበታል።

ሉካስ ያደረገው ነገር አካፋይ መፈለጉን ጨርሶ መተው ነው። ቁጥሩን በሌሎች ቁጥሮች ከመፈተን ይልቅ ራሱን እንዲመሰክር አደረገው። እርሱ የተነሣው ከፊቦናቺ ቁጥሮች ጋር ከተያያዘ ሰንሰለት ነበር። ዛሬ በሥራ ላይ ያለው መልክ አሜሪካዊው ዴሪክ ሄንሪ ሌመር በ1930 በተሟላ ማስረጃ ያስተካከለው ነው። እርሱም በቃል ሊያዝ የሚችል ነው፦ ከ4 ይጀመራል፤ የተገኘው ቁጥር በራሱ ይባዛል፤ ከብዜቱ 2 ይቀነሳል፤ ውጤቱ በሚመረመረው ቁጥር ይካፈልና ቀሪው ብቻ ይያዛል። በዚህ ቀሪ ሥራው ይደገማል። የድግግሞሹ ብዛት ከአርቢው በሁለት ያነሰ ነው። በመጨረሻው ላይ ቀሪው ዜሮ ከሆነ ቁጥሩ ብቸኛ ነው፤ ዜሮ ካልሆነ ስብጥር ነው።

በትንሹ ቁጥር፣ በ2⁷−1 ማለትም በ127 ቢሞከር አምስት እርምጃ ብቻ ይበቃል። 4 በራሱ ተባዝቶ 2 ሲቀነስለት 14 ይሆናል። 14 በራሱ ተባዝቶ 2 ሲቀነስለት 194፤ ለ127 ሲካፈል ቀሪው 67። ከ67 የሚገኘው 4,487፤ ቀሪው 42። ከ42 የሚገኘው 1,762፤ ቀሪው 111። ከ111 የሚገኘው 12,319 ሲሆን ይህ 97 ጊዜ 127 ነው፤ ቀሪው ዜሮ። ስለዚህ 127 ብቸኛ ነው። ለ2,047 ይኸው ሥራ ዘጠኝ እርምጃ ሲሄድ መጨረሻው 1,736 ይሆናል እንጂ ዜሮ አይሆንም። ሥራው 23ንም 89ንም ሳይጠቅስ ቁጥሩ ስብጥር መሆኑን ብቻ ተናግሮ ያቆማል።

በዚህ ውስጥ ሌላም ውበት አለ፤ የመርሰን ቁጥሮችን ከሌሎች ሁሉ የሚለያቸውም እርሱ ነው። ማካፈሉ በእርግጥ ማካፈል አይደለም። 128 ለ127 ሲካፈል ቀሪው 1 ስለሆነ፣ እያንዳንዱ 128 እንደ አንድ ይቆጠራል። 4,487 ማለት 35 ጊዜ 128 ሲደመር 7 ነው፤ እንግዲያስ 35 እና 7 ተደምረው 42 ይሆናሉ፤ ከላይ የተገኘው ቀሪም ይኸው ነው። ቁጥሩ በ0 እና በ1 ብቻ ሲጻፍ ደግሞ ሥራው ከዚህም ይቀላል፤ ከተወሰነው ቦታ ያለፈው ክፍል ተቆርጦ ወደ መጀመሪያው ተመልሶ ይደመራል። 2¹²⁷−1 ራሱ በዚህ አጻጻፍ 127 አንዶች ተደርድረው የሚታዩበት ነው።

ሉካስ ጨዋታ ወዳድ ሰው ነበር። በ1883 በገበያ ላይ የዋለው፣ ክብ ሰሌዳዎችን ከዘንግ ወደ ዘንግ የማዛወር የሐኖይ ግንብ የተባለው ጨዋታም የእርሱ ፈጠራ ነው። ለዚህም ስሌት 127 በ127 ቤት ያለው እንደ ቼዝ ያለ ሰሌዳ አሰበ። ጠጠር የተቀመጠበት ቤት 1፣ ባዶው ቤት 0 ነው። አንድን ቁጥር በራሱ ለማባዛት ቁጥሩ በየረድፉ አንድ አንድ ቤት እየተገፋ ይደረደራል፤ በቀኝ ወይም በግራ ያለፈው ጠጠር በሌላው ጫፍ ይገባል። ከዚያም በአንድ ዓምድ ውስጥ ሁለት ጠጠሮች ሲገናኙ ሁለቱም ተነሥተው አንድ ጠጠር በሚቀጥለው ዓምድ ይቀመጣል፤ እንዲህ እየተባለ አንድ ረድፍ ብቻ እስኪቀር ድረስ ይሰበሰባል። ለአንዱ ብዜት በአማካይ ወደ 4,000 ጠጠር፣ ለ125ቱ እርምጃ ደግሞ ግማሽ ሚሊዮን ያህል ጠጠር ማለት ነው። ከ800 ሚሊዮን ዓመት ወደ ግማሽ ሚሊዮን ጠጠር መውረድ ቀላል ነገር አይደለም፤ ሆኖም ከግማሽ ሚሊዮን ጠጠር አንዱ ያለ ቤቱ ቢቀመጥ ሥራው በሙሉ ይበላሻል።

ክቡራን፤ ዋናው ጥያቄ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። በመካከሉ አንድ ጠጠር ስቶ እንደሆነ በምን ይታወቃል?

መልሱ በመጨረሻው ቀሪ ዓይነት ይለያያል። ሥራው በመካከል ከተሳሳተ ከዚያ በኋላ ያለው ቀሪ ከ170 ትሪሊዮን ትሪሊዮን ትሪሊዮን ያላነሱ ቁጥሮች መካከል ማንኛውም ሊሆን ይችላል። ስሕተት እየተንከባለለ ሄዶ በትክክል ዜሮ ላይ የማረፉ ዕድል ከምንም አይቆጠርም። ስለዚህ ዜሮ ያገኘ ሰው ከዜሮው በላይ ምስክር አያስፈልገውም ለማለት ይቻላል፤ የመጨረሻው ቁጥር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያለውን ሥራ ሁሉ አብሮ ይመሰክርለታል። ዜሮ ያላገኘ ሰው ግን ሁለት ነገር ደርሶበት ይሆናል፤ ወይ ቁጥሩ ስብጥር ነው፣ ወይ እርሱ ተሳስቷል። ቀሪውን በማየት ብቻ ሁለቱን መለየት ከቶ አይቻልም። «ብቸኛ ነው» የሚለው ፍርድ ራሱን ይጠብቃል፤ «ስብጥር ነው» የሚለው ፍርድ ግን ዘብ ይፈልጋል።

ለዚህ የሚታየው ምሳሌ የመርሰን ዝርዝር ውስጥ ያለው 67 ነው። ሉካስ በዚያው በ1876 2⁶⁷−1 ስብጥር ነው ሲል ዝርዝሩን ተቃወመ። አካፋዮቹ ግን አልታወቁም ነበር። ፍርዱ እውነት ነበረ፤ ነገር ግን የሚያምነው ሰው የሚያምነው ሥራውን ደግሞ በመሥራት ወይም ሉካስን በማመን ብቻ ነበር። ሃያ ሰባት ዓመት አለፈ። በ1903 ጥቅምት 31 ቀን በኒው ዮርክ በተደረገው የአሜሪካ የሒሳብ ማኅበር ስብሰባ ላይ ፍራንክ ኔልሰን ኮል አካፋዮቹን አቀረበ፦

193,707,721 × 761,838,257,287 = 147,573,952,589,676,412,927።

ኮል በጥቁር ሰሌዳ ላይ 2⁶⁷−1ን አስልቶ፣ በጎኑ ሁለቱን ቁጥሮች አባዝቶ፣ ውጤቶቹ አንድ መሆናቸው ከታየ በኋላ አንድ ቃል ሳይናገር ወደ ቦታው ተመለሰ ተብሎ ይተረካል፤ ፍለጋው የሦስት ዓመት እሑዶችን እንደ ፈጀም ይነገራል። ትረካው በኋላ ተጽፎ የተስፋፋ ስለሆነ ከማጋነን የጸዳ መሆኑ ያጠራጥራል። ብዜቱ ግን አያጠራጥርም። እርሳስና ወረቀት ያለው ሰው በአንድ ከሰዓት በኋላ ሊያረጋግጠው ይችላል። የኦይለርም ሕግ አልተጣሰም፦ ከ193,707,721 ላይ አንድ ቢነሣ የሚቀረው ልክ 1,445,580 ጊዜ 134 ነው። ሉካስ እውነቱን ቀድሞ ተናግሯል፤ ኮል ግን እውነቱን ማንም ሊይዘው በሚችል መልክ አስረክቧል። ሁለቱን እኩል ማየት ለኮል በደል ይመስላል።

2²⁵⁷−1 ደግሞ ከዚህ የበለጠ ከባድ ነበር። ሌመር በጠረጴዛ ላይ የሒሳብ መኪና በመቶ የሚቆጠሩ ሰዓታት ደክሞ ስብጥር መሆኑን ደረሰበት፤ በእጁ የቀረው ግን ዜሮ ያልሆነ አንድ ረጅም ቀሪ ብቻ ነበር። በ1952 ራፋኤል ሮቢንሰን ስዋክ ለተባለው የካሊፎርኒያ ኮምፒዩተር የሉካስን ሥራ በትእዛዝ መልክ ጻፈለት። መኪናው የተሰጠው የመጀመሪያ ፈተና ይኸው ቁጥር ሲሆን፣ ሌመር ያገኘውን ቀሪ ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ውስጥ አሃዝ በአሃዝ ደገመው። ዘቡ የመጣው ከሃያ ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ከቁጥሩ አካፋዮች የመጀመሪያው፣ 535,006,138,814,359፣ የታወቀው ደግሞ በ1979 ነው። በዚያው በ1952 ጥር 30 ቀን ምሽት ስዋክ 2⁵²¹−1 እና 2⁶⁰⁷−1 ብቸኞች መሆናቸውን አስታወቀ። የሉካስ ቁጥር ክብረ ወሰን ግን ከዚያ አንድ ዓመት ቀድሞ በ1951 ተሰብሮ ነበር፤ መጀመሪያ በፌሪዬ ባለ 44 አሃዝ ቁጥር፣ ቀጥሎም ሚለርና ዊለር በካምብሪጅ በኤድሳክ ኮምፒዩተር ባገኙት ባለ 79 አሃዝ ቁጥር። የሚገርመው፣ ይህ ባለ 79 አሃዝ ቁጥር የተሠራው የሉካስን ቁጥር በራሱ አባዝቶ፣ በ180 አብዝቶ፣ አንድ በመጨመር ነው።

ከዚያ ወዲህ ያለው ሩጫ ረጅም ስለሆነ መጨረሻውን ብቻ መጥቀስ ይበቃል። ጆርጅ ዎልትማን በ1996 የመሠረተው ጊምፕስ የተባለው የበጎ ፈቃደኞች ኅብረት በጥቅምት ወር 2024 2¹³⁶²⁷⁹⁸⁴¹−1 ብቸኛ መሆኑን አስታውቋል። ቁጥሩ 41,024,320 አሃዞች አሉት፤ ያገኘውም ሉክ ዱራንት ነው። እዚህ ላይ ስለ ዜሮ የተባለው ነገር አንድ እርማት ያስፈልገዋል። የሰው እጅ ሲሳሳት ዜሮ ላይ አይወድቅም፤ የተበላሸ መኪና ግን ማኅደሩን በዜሮ ሊሞላ ይችላል፤ እንዲህ ያለው ዜሮ ሐሰተኛ ምስክር ነው። በመሆኑም አዲስ ቁጥር ሲገኝ ስሌቱ በተለያዩ መኪናዎችና በተለያዩ ሰዎች በተጻፉ ፕሮግራሞች እንደገና ተሠርቶ ካልተስማማ አይታወጅም። ለመጀመሪያው ማጣሪያም በየመካከሉ ስሕተትን የሚይዝ መቆጣጠሪያ ያለው ሌላ ፈተና ገብቶ፣ የሉካስና የሌመር ሥራ ለመጨረሻው ማረጋገጫ ተጠብቆለታል።

ጥቅሙ ምንድን ነው የሚል ሊኖር ይችላል። ትልልቆቹ የመርሰን ቁጥሮች ምስጢር ይጠብቁበታል የሚለው በሰፊው የሚሰማ ወሬ ትክክል አይደለም፤ ለምስጢር የሚሆነው ማንም የማያውቀው ቁጥር እንጂ በጋዜጣ የወጣ አይደለም። ትንንሾቹ ግን ሥራ ላይ ውለዋል። የኦይለር 2,147,483,647 ባለ 32 ቢት ኮምፒዩተር ከአሉታዊ ቁጥሮች ጋር አብሮ ሊይዘው የሚችለው ትልቁ ሙሉ ቁጥር ነው። የሉካስ ቁጥርም ማካፈልን በመደመር ስለሚተካ፣ በ2015 የማይክሮሶፍት ተመራማሪዎች ፎር ኪው ብለው ለሰየሙት ፈጣን የምስጢር አጠባበቅ ዘዴ መሠረት ሆኗል። ቁጥሩ ለዚህ ሲመረጥ ድብቅ መሆን አላስፈለገውም፤ የተፈለገው ቅርጹ ብቻ ነው።

በመጨረሻ የሚነሣው ነገር ከአርቢው ከ127 ይመነጫል። 2²−1 ማለት 3፣ 2³−1 ማለት 7፣ 2⁷−1 ማለት 127 ነው፤ የሉካስ ቁጥር በዚህ መሰላል ላይ ቀጣዩ እርከን ነው። ቤልጂጋዊው ዩጂን ካታላን ይህን በ1876 ከሉካስ ግኝት ወዲያው አስተውሎ ነበር። ከዚህ በላይ ያለው እርከን የሉካስን ቁጥር ራሱን አርቢ የሚያደርገው ቁጥር ነው። የአሃዞቹ ብዛት ብቻ 51 ትሪሊዮን ትሪሊዮን ትሪሊዮን ገደማ ስለሆነ፣ በዓለም ላይ ያለው ወረቀት ሁሉ ሊጽፈው አይበቃም። የሉካስ ሥራም ለእርሱ የሚጠይቀው የእርምጃ ብዛት ባለ 39 አሃዝ ስለሆነ፣ በዚህ መንገድ ዜሮውን የሚጠብቅለት መኪና አይኖርም። ያለው አማራጭ የኦይለር የድሮ መንገድ ብቻ ነው፤ ትንንሽ አካፋዮችን አንድ በአንድ መሞከር። እስካሁን በተሞከሩት ሁሉ ያለ ቀሪ የሚያካፍለው አልተገኘም።